የአዊ ምክር ቤትና የከሰሉ ሒሳብ

«የካርቦን ልቀት ቅነሳ» የሚለው ሐረግ ሲነሣ ብዙዎቻችን ጆሯችንን የምንነፍገው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐረጉ ከዓለም አቀፍ የስብሰባ አዳራሽ ተነሥቶ፣ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሰነድ በኩል አልፎ፣ ወረዳ ሲደርስ የችግኝ ተከላ ፎቶግራፍ ሆኖ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ስለ አንድ የታወቀ ምክር ቤትና ስለ አንድ የታወቀ አካባቢ መናገር እፈልጋለሁ፤ ስለ አዊ ብሔረሰብ ምክር ቤትና ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ በተዘረጋው ደጋ ላይ ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ስለተፈጸመው ነገር። ውድ አንባብያን፣ በአገራችን የካርቦን ወሬ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ምሳሌ ያለ አይመስለኝም። ከዛሬው አያያዛችን ጋር ሲተያይ ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያሳስብ የለም።

በመጀመሪያ የሌሎችን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 በአውስትራሊያ ሜልበርን የሚገኘው የዳረቢን ምክር ቤት የአየር ንብረት አስቸኳይ ሁኔታ በማወጅ በዓለም የመጀመሪያው ሆነ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ ምክር ቤት ተመሳሳይ ውሳኔ አሳለፈ፤ ከተማዋን እስከ 2030 ከካርቦን ልቀት ነጻ ለማድረግም ቃል ገባ። ብዙ ምክር ቤቶች ተከተሉ። የእነዚህ ምክር ቤቶች ሥራ የሚጀምረው ከመቁጠር ነው። ቢሮዎቻችንና ትምህርት ቤቶቻችን ለማሞቂያ ምን ያህል ጋዝ ያነዳሉ? ተሽከርካሪዎቻችን ምን ያህል ነዳጅ ይጠጣሉ? ቆሻሻችን የት ይደፋል? እያሉ ይጠይቃሉ፤ መልሱን ለመራጩ ያቀርባሉ፤ መራጩም በተራው ይጠይቃቸዋል።

ይህንን ዝርዝር እንዳለ ቀድተን ወደ እንጅባራ ብናመጣው ግን የሚቆጠር ነገር እናጣለን። የቢሮ ማሞቂያ የለም። መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውኃ ኃይል የሚመነጭ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ማመንጫ የዞኑ ጎረቤት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋቱ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል ወደ ጉባ በሚወስደው መንገድ የሚደረስበት ነው። ነዳጅን በተመለከተ አንድ እንግሊዛዊ በዓመት ከአራት ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቅ፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ ከሩብ ቶን በታች ነው። ዝናቡ ሲዛባ፣ በረዶው ሰብሉን ሲመታ ግን ቀድሞ የሚጎዳው ይኸው ሩብ ቶን የማይሞላው ሰው ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

ይህ እውነት በየጉባኤው ሊነገር ይገባዋል፤ ይነገርም። ነገር ግን «እኛ አልበከልንም» ብሎ እጅን ማጣጠፍ የራስን ሒሳብ ላለማወቅ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ለመሆኑ የእኛ ልቀት ከየት ነው? ኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. ይፋ ያደረገችው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2010 የነበረውን የአገሪቱን ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ያህል አድርጎ ገምቶት ነበር። ከዚህ ውስጥ 65 ሚሊዮን ቶን ያህሉ ከእንስሳት እርባታ፣ 55 ሚሊዮን ቶን ያህሉ ከደን መመንጠርና ከማገዶ የሚመነጭ ነው። ትራንስፖርት፣ ኢንዱስትሪና የኤሌክትሪክ ኃይል እያንዳንዳቸው ከጠቅላላው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ይይዛሉ። በሌላ አነጋገር የኢትዮጵያ ካርቦን ያለው በማሳው፣ በግጦሹ፣ በጫካውና በምድጃው ዙሪያ ነው። በእነዚህ ጉዳዮች ላይ በየቀኑ የሚወሰነው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ አይደለም፤ ቀበሌ፣ ወረዳና ዞን ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነው የአዊ ጉዳይ ለየት የሚለው። እንደሚታወቀው በአብዛኛው የአማራ ክልል «ዞን» ማለት የክልሉ የአስተዳደር እርከን እንጂ የራሱ ምክር ቤት ያለው መንግሥት አይደለም። አዊ ግን እንደ ዋግ ኽምራና እንደ ኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ሁሉ፣ በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ በጸደቀው የክልሉ ሕገ መንግሥት መሠረት የራሱ የብሔረሰብ ምክር ቤት አለው። በጀት ያጸድቃል፤ ዕቅድ ይመረምራል፤ አስተዳዳሪውን ይሾማል፤ ሥራ አስፈጻሚውን ይጠይቃል። እንግዲህ ከአዊ ሕዝብ ጋር የሚነጋገር፣ በአውኚም በአማርኛም የሚከራከር፣ ሕጋዊ ሥልጣን ያለው መድረክ አለ ማለት ነው። ጥያቄዬ ይህ መድረክ በአካባቢው ትልቁን የካርቦን ጉዳይ ይዞታል ወይ? የሚል ነው።

ትልቁ ጉዳይ ዲከረንስ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ የግራር ዘመድ መጀመሪያ ወደ አካባቢው የገባው ለማገዶና ለአፈር ጥበቃ ነበር። የአዊ ደጋ አፈር በአሲድነት የተጠቃ ነው፤ ማዳበሪያ ቢበዛለትም ገብሱ የሚቀጭጭበት፣ አርሶ አደሩ ተስፋ የቆረጠበት መሬት ጥቂት አልነበረም። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ታዲያ አንድ ነገር አስተዋለ። ዲከረንስ በዚያ በደከመ መሬት ላይ ይበቅላል፤ ናይትሮጅን ከአየር ወደ አፈር ያስገባል፤ ከተቆረጠ በኋላም መሬቱ ጤፍ ይሰጣል። በዚህ መሠረት ገበሬው የራሱን ዑደት ዘረጋ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይተከላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ከዛፉ ሥር ሣር ይታጨዳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ይከስላል፤ መሬቱም ታርሶ ዑደቱ እንደገና ይጀመራል። በአዲስ ቅዳምና በእንጅባራ ዙሪያ በጆንያ እየተሞላ በአይሱዙ የሚጫነው ከሰል ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል።

ልብ በሉ፣ ይህንን ያደረገ የዘመቻ አዋጅ የለም። ገበሬው በራሱ ስሌት፣ በራሱ መሬት፣ በራሱ ጉልበት አደረገው። በብዙ የአገራችን ክፍል የደን ሽፋን ሲመናመን በፋግታ ለኮማ ጨመረ። ሥራ አጥ የነበረው ወጣት ችግኝ አፍልቶ ሸጠ፤ ዛፍ ቆረጠ፤ ከሰል አከሰለ፤ ጫነ፤ ነገደ። ተመራማሪዎች ከሩቅ እየመጡ ጻፉለት።

ካርቦኑስ? ዛፉ ሲያድግ ከአየር የወሰደውን ካርቦን ከሰሉ ሲነድ መልሶ ይለቀዋል። ስለዚህ «ዲከረንስ ካርቦን አከማቸ» ብሎ መመጻደቅ ሙሉ እውነት አይደለም። እውነተኛው ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ለዘመናት ከሰሏን ያገኘችው ከስምጥ ሸለቆው የግራር ደን ነው፤ ያ ደን ተቆርጦ አልተተካም። ከአዊ የሚሄደው እያንዳንዱ ጆንያ ግን ተተክሎ የተቆረጠ፣ ተቆርጦም የሚተከል ዛፍ ነው፤ ያልተተከለውንም ደን ከመጥረቢያ ያተርፋል። በዚህ ላይ አፈሩ ተሸፍኖ ስለሚከርም መሸርሸሩ ይቀንሳል። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ውለታ አይደለም።

ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ሁለቱም የምክር ቤትን እጅ የሚሹ ናቸው።

የመጀመሪያው ቀዳዳ ማክሰያው ነው። በአፈር በተደፈነው ባህላዊ የከሰል ክምር ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ነው። ጭስ ማውጫ የተገጠመለትና እንጨቱ በአግባቡ ደርቆ የተደረደረበት የተሻሻለ ማክሰያ፣ ለምሳሌ ከሴኔጋል የመጣው ካሳማንስ የሚባለው፣ ከ25 ኪሎ በላይ ሊያስገኝ ይችላል። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ከመቶው 15 የሚያገኝ ገበሬ 100 ኪሎ ከሰል ለማውጣት 667 ኪሎ ያህል እንጨት ያስፈልገዋል፤ 25 የሚያገኘው ግን በ400 ኪሎ ይጨርሳል። ልዩነቱ 267 ኪሎ እንጨት ነው። ይህ እንጨት የሚጠፋው በጭስ ነው፤ ከጭሱም ጋር ሚቴን ይወጣል። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። ዛፍ ቢተካም የሚተካው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እንጂ ሚቴኑን አይደለም። እንግዲህ በአዊ ትልቁ፣ ቅርቡና ርካሹ የልቀት ቅነሳ የተደበቀው በዚያ የአፈር ክምር ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቅነሳው ደግሞ ለገበሬው ኪሳራ ሳይሆን ትርፍ ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ የከፋ ነው። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይላሉ አበው። እኛ ግን ተራራውን፣ ማሳውንና የገበሬውን ኑሮ በአንድ የዛፍ ዓይነት ላይ አንጠልጥለን ተኛን። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ቅጠሉንና ቅርንጫፉን ዝገት በሚመስል ቡናማ እባጭ የሚሸፍን በሽታ በዲከረንሱ ላይ ወረደ። የስንዴን ዋግ የሚያውቅ ገበሬ ነገሩን በቶሎ ይረዳዋል፤ ይህም የዛፍ ዋግ ነው። በደቡብ አፍሪካ የዛፉን ዘመዶች አስቀድሞ ያጠቃ ፈንገስ ነው። በነፋስ ይዛመታል፤ ችግኝ ጣቢያውን ባዶ ያደርጋል፤ የቆመውን ዛፍ ያቀጭጫል። አንድ ዓይነት ዛፍ ከዳር እስከ ዳር ለሸፈነው አካባቢ ከዚህ የባሰ መርዶ የለም።

ይህ መርዶ የግብርና ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መወሰዱ ያሳስበኛል። ገበሬው ዲከረንሱ ከከዳው ምን ያደርጋል? ያለው ምርጫ ጥቂት ነው። ወይ መሬቱን ወደ ገብስና ድንች መልሶ ከአሲዱ ጋር ይታገላል፤ ወይ ባሕር ዛፍ ይተክላል፤ ወይ ወጣቱ አካባቢውን ለቅቆ ይሰደዳል፤ ወይም የከሰሉ ገበያ ስለማይጠፋ መጥረቢያው ወደ ተፈጥሮ ደኑ ይዞራል። የመጨረሻው ከደረሰ የሠላሳ ዓመቱ ትርፍ በጥቂት ዓመታት ተመልሶ ይጠፋል።

የዞኑን ቆላም አንርሳ። የአዊ ስም ሲነሣ ሁላችንም ዓይናችን ወደ ዘንገና ሐይቅ፣ ወደ ቀርከሃውና ወደ ፈረሰኞቹ ይሄዳል። የጃዊ ወረዳ ግን ሰፊ የቆላ ደን የነበረበት፣ ለስኳር ልማትና ለእርሻ ብዙ መሬት የተመነጠረበት አካባቢ ነው። በደጋው የተተከለውን እየቆጠርን በቆላው የተመነጠረውን ሳንቆጥር የምንጽፈው ሪፖርት ገቢን ጽፎ ወጪን የዘለለ የሒሳብ መዝገብ ነው። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ማስቀመጥ የሚችለው ደግሞ ደጋውንም ቆላውንም የሚወክለው የብሔረሰቡ ምክር ቤት ነው።

በአገራችን ምክር ቤቶች ዘንድ የተለመደውን ሪፖርት ሁላችንም እናውቀዋለን። «በክረምቱ ይህን ያህል ሚሊዮን ችግኝ ለመትከል ታቅዶ ከዕቅድ በላይ ተከናውኗል» ይባላል፤ ይጨበጨባል፤ ወደ ሚቀጥለው አጀንዳ ይታለፋል። አረንጓዴ ዐሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህ ልማድ ይበልጥ ሥር ሰድዷል። ተከላውን አልነቅፍም፤ መትከል መልካም ነው። ነገር ግን ችግኝ ስለተተከለ ካርቦን አይቀንስም፤ ስለጸደቀ እንጂ። የጽድቀት መጠኑን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ የሚጠይቅ የምክር ቤት አባል ስንት አለ?

እንደ እኔ እምነት የአዊ ብሔረሰብ ምክር ቤት የሚከተሉትን ቢያደርግ ለክልሉም ለአገሪቱም ምሳሌ ይሆናል።

አንደኛ፣ በጀት በሚጸድቅበት ጉባኤ ላይ የዞኑ የዛፍና የከሰል ሒሳብ አብሮ ይቅረብ። ስንት ሄክታር ተተከለ፣ ስንቱ ጸደቀ፣ ስንቱ ተቆረጠ፣ ስንቱ በበሽታ ተመታ፣ በጃዊና በሌሎች ወረዳዎች ስንት ደን ተመነጠረ፤ ይኸው ነው። ሳተላይት የሚያነብ ባለሙያ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም፤ እንጅባራ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሒሳቡም በአውኚ ተነግሮ የቀበሌ ነዋሪ ሊከራከርበት የሚችል ይሁን።

ሁለተኛ፣ ከከሰል ንግድ የሚሰበሰበው ገቢ ከፊሉ ከሰሉ ወደወጣበት ቀበሌ ይመለስ። ገንዘቡ ለተሻሻለ ማክሰያ፣ ለሥልጠናና ለችግኝ ጣቢያ ይዋል። ከዛፉ ግብር እየሰበሰቡ ዛፉ ሲታመም ገበሬውን ብቻውን መተው ፍትሕ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ዛፉ ይበርከት። እንጅባራ ቀድሞ ኮሶበር ትባል እንደነበር እናስታውስ፤ ስሟ ራሱ የኮሶን ዛፍ ያስታውሳል። ብሳና፣ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ በአምስት ዓመት ለከሰል አይደርሱም፤ ያ እውነት ነው። ነገር ግን በማሳ ዳር፣ በገደልና በወንዝ ዳርቻ ለረጅም ዘመን የሚቆም ዛፍና ለፈጣን ገበያ የሚተከል ዛፍ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ። ቀርከሃውም አለ፤ በፍጥነት ያድጋል፤ የዕደ ጥበብ ገበያም አለው። በሽታን የሚቋቋም የዲከረንስ ዝርያ ቢገኝ እንኳ ዳግመኛ ብቻውን ተራራ ሊሸፍን አይገባውም።

አራተኛ፣ ምክር ቤቱ በቀጥታ ከሚያዝዘው ይጀምር። የትምህርት ቤት፣ የሆስፒታልና የማረሚያ ቤት ማብሰያ ክፍሎች ከሦስት ጉልቻ ይውጡ። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል፤ «ላቀች» የከሰል ምድጃም ከተዋወቀ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። መብራት በአስተማማኝ ሁኔታ በሚገኝባቸው ከተሞች የኤሌክትሪክ ምጣድ ይስፋፋ። በዳንግላ ዙሪያ ከጉድጓድ ውኃ እየሳበ አትክልት ለሚያለማው ገበሬም የቤንዚን ሳይሆን የፀሐይ ኃይል ፓምፕ በብድር የሚያገኝበት መንገድ ይመቻች።

አምስተኛ፣ የካርቦን ሽያጭ ውል ያለ ምክር ቤቱ ይፋዊ ክርክር አይፈረም። ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተይዞ፣ ከተቆረጠው ጉቶ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ተደርጎ፣ በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የካርቦን ገበያ ተመዝግቧል። ሁምቦ የሚያስተምረን ማኅበረሰቡ ባለቤት ሲሆን ተራራው እንደሚመለስ ነው። ባለቤትነቱ ካልጠራ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል፤ ለሩቅ ገዥ ካርቦን ሸጦ የራስን ማገዶና ግጦሽ መከልከል ይመጣል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ የግለሰብንና የማኅበረሰብን የደን ባለቤትነት አውቋል። ምክር ቤቱ ይህንን መብት ሊያስከብር እንጂ አሳልፎ ሊሰጥ አይገባውም።

«ሰላም በታጣበት ጊዜ ስለ ካርቦን ታወራለህን?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው የከበደ ነው፤ ልመልሰውም ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት የሰው ሕይወት ቀጥፏል፤ መንገድ ዘግቷል፤ የአካባቢ አስተዳደርንም አዳክሟል። የሞተን ሰው ከዛፍ ጋር የሚያነጻጽር ጤነኛ አይደለም። ነገር ግን መንገድ ሲዘጋ ከሰሉ ሳይሸጥ እንደሚቀር፣ ባለሙያ ማሳ መድረስ ሲያቅተው በሽታው እንደሚዛመት፣ ሕግ ሲላላ ደን ቀድሞ እንደሚመነጠር ማን ይክዳል? የሰላሙም የዛፉም ጥያቄ ወደ አንድ ቦታ ያመራል፤ ሕዝብ የሚያምነው፣ ሕዝብ የሚጠይቀው ምክር ቤት አለ ወይ? ወደሚለው። ከላይ የመጣለትን እያጸደቀ የሚበተን ምክር ቤት ሰላምንም አያመጣም፤ ችግኝንም አያጸድቅም።

አገራችን በ2013 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት ባቀረበችው ሰነድ እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ልቀቷን ያለ ምንም እርምጃ ቢቀጥል ሊደርስ ከሚችለው መጠን በ68.8 በመቶ ዝቅ እንደምታደርግ አስታውቃለች። ከዚህ ውስጥ በራሷ አቅም የምታደርገው 14 በመቶው ብቻ ነው፤ የቀረው በውጭ ድጋፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2027 ደግሞ 32ኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኗል። በዚያን ጊዜ ብዙ እንግዳ ይመጣል፤ ብዙ ንግግር ይደረጋል። እንግዶቹ «የቀነሳችሁትን አሳዩን» ቢሉ የምናሳያቸው የተከላ ቁጥር ነው ወይስ የጸደቀ ዛፍ?

የፋግታ ገበሬ የሚያሳየው ነበረው፤ ማንም ሳያዝዘው ሠርቶ አሳይቷል። ዛሬ ዛፉ ታምሞበታል። ምክር ቤቱ ለሚቀጥለው ጉባኤው አጀንዳ ሲያረቅቅ ይህንን ገበሬ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ያስቀምጠው። የቀረውን ገበሬው ራሱ ያውቅበታል።

ቸር እንሰንብት።